እኛ ቤት የከረመው ባትሪ

ትናንት ከምሳ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ የባትሪው ራስ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩበት። ችስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ያ ሽታ፣ እርጥብ ብረትና የተጫረ ክብሪት የተቀላቀለ የሚመስለው፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ ብሩሹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በሽቶ፣ በአበባ፣ በልጅነቱ ሳሙና ያለፈ ዘመኑን ያስታውሳል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ እንግዲህ ይኸው ነው፣ የአሲድ ሽታ። ምን ይደረግ፣ ዕድሌ ነው።

እዚህ ሲያትል አጠገብ ባለችው ዴ ሞይን፣ ቤታችን ጎን ፓርክ አድርገን የምናከርማት አንዲት ትሬይለር አለችን። ትሬይለር ስል ከመኪና ኋላ ተጎትታ የምትሄድ፣ አልጋም ምድጃም ያላት ትንሽ ቤት ማለቴ ነው። ሰመር ላይ ሁለት ሦስቴ እንወጣባትና ቅጠሉ ረግፎ አሸንዳውን ሲደፍነው ባትሪዋን አወጣለሁ። መጀመሪያ ጥቁሩን ገመድ እፈታለሁ፣ ቀጥሎ ቀዩን። ስመልሰው ደግሞ ቀዩ ይቀድማል። ከዚያ ወገቤን እየረገምኩ ተሸክሜ ላውንድሪ ክፍል አስገባና ሳንቃ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ልጃችን ሕሊና በዚህ ሳንቃ እንደሳቀችብኝ አለች። «ዳድ፣ የሲሚንቶ ወለል የባትሪ ኃይል አይመጥም፣ የድሮ ወሬ ነው» ትለኛለች በእንግሊዝኛዋ። ልክ ናት፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ሳንቃውን ግን አልተውኩትም። በልደቴ ቀን አንድ መዳፍ የምታክል ቻርጀር ገዝታልኛለች፤ ራሷ ትለካለች፣ ራሷ ትሞላለች፣ ሲሞላ ራሷ ታቆማለች። «ሰክተህ እርሳው» አለችኝ። መርሳቱን ነው ያልቻልኩበት። አሁንም በወር በወሩ መለኪያዬን ይዤ እወርዳለሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት ካለ ደህና፣ ከአሥራ ሁለት ነጥብ አራት ከወረደ ግን እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ወይንሸት «ለኔ ደም ግፊት እንዲህ አልተጨነቅክም» ትላለች። ውሸቷን ነው፣ እሱንም እለካለሁ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ለማ ናቸው። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል፤ ግን ብርዱ ሲገባ ሳይደውሉልኝ አይቀሩም። ሰላምታ የላቸውም። «አስገባኸው?» ይላሉ። «አስገብቼዋለሁ ጋሽዬ» እላለሁ። «ሞላኸው?» «ሞልቼዋለሁ።» «ጎሽ» ብለው ይዘጉታል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል የትም ብቀመጥ እዚህ አይደለሁም፣ ያኔ የምንኖርባት የሲያትል ጎረቤት ቱክዊላ ነኝ።

ያኔ ስል መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የከተማው ባቡር ገና ወሬውም ያልነበረበት ጊዜ ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚሏት፣ ዛሬ ቡና በስንትና ስንት የሚሸጥባት ሰፈር፣ ግማሹ ሱቅ ጣውላ ተመትቶበት ነበር። ሬይኒየር ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ የሚያስጠልለን አንድ የልብስ ንጽህና ቤት ነበረ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሞቃት እንፋሎት ፊታችን ላይ ይለቅብናል፤ ሆን ብለን እዚያ እንቆማለን። ነዳጅ ጋሎኑ ከአንድ ዶላር እምብዛም አይበልጥም። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ አዲስ አበባ ደውለን፣ ግማሹን ደቂቃ «ይሰማል? ይሰማል?» ስንል እንጨርሰዋለን። ልብሳችን ሁሉ የሰው ነው። የኔ ጃኬት ትከሻው ስፖንጅ ያለው፣ እጅጌው ጣቴን የሚደብቅ ነበር። የሥራዬ ዩኒፎርም ደግሞ የወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ደረቱ ላይ «ግሬግ» የሚል ስም ተሰፍቶበታል። ከኔ በፊት የለቀቀው ሰውዬ ነው። አሠሪዎቼ አዲስ ከማሰፋት ይሻላል ብለው ሰጡኝ፣ እኔም ከምጨቃጨቅ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ግሬግ ሆኜ ሠራሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ነበር የምነዳው። ጋሽ ለማ እዚያው በሩ ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ቲኬት ይቆርጣሉ። አገር ቤት አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁት ባትሪ ሲሞሉ ነው፤ አሲድ የጠባሰው እጃቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ሰው ሲያስተዋውቋቸው «ለማ ባትሪ» ይሏቸው ነበር፣ እሳቸውም አይከፋቸውም።

የያኔዋን ትሬይለር፣ ከዛሬዋ ሌላ ናት፣ የገዙት አራት ቤተሰቦች ናቸው። ሐሳቡ የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ኤርፖርት ውስጥ ምግብ የሚያበስሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴትዮ ነበሩ። አብራቸው የምትሠራ ፈረንጅ አሮጌ ትሬይለር ልትሸጥ መሆኗን ሰምተው «ከአፓርትመንት ግድግዳ ሌላ ነገር እንይ እንጂ!» ብለው ሰዉን ሰበሰቡ። መጋረጃዋ ብርቱካንማ ነበር፣ በሯ ካልተረገጠ አይዘጋም። ሰመር ላይ ለየቤተሰቡ በተራ አንድ አንድ ሳምንት ትደርሳለች። ችግሩ ብርዱ ወቅት ነው። ትሬይለሯ የምትከርመው በአንድ ወዳጃችን ግቢ በሸራ ተሸፍና ነው፣ ኤሌክትሪክ የለውም። ባትሪው እላይዋ ላይ ከተተወ ደግሞ የጋዝ ማስጠንቀቂያዋና ሰዓቷ ቀስ እያሉ ይጨርሱታል። ስለዚህ እትዬ አስካለና ጋሽ ለማ አንድ ዘዴ አወጡ። ባትሪው እንደ ማኅበር ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ኦርቶዶክሱም ከቅዳሴ ጴንጤውም ከጸሎቱ ሲመለስ፣ እትዬ አስካለ ቤት እንሰበሰባለን። ባትሪው በፎጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ጋሽ ለማ ክዳኖቹን ከፍተው፣ ውስጧ ተንሳፋፊ ባላት የመስታወት መምጠጫቸው አሲዱን እየሳቡ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያያሉ። ሰዉ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። «ደህና ነው» ካሉ እልል የምትል አትጠፋም። ከዚያ ተረኛው ይረከባል፣ ሲጎድል የሚጨምርበትን የተጣራ ውሃም አብሮ ይረከባል፣ ምሳ ይበላል። ጋሽ ለማ ጴንጤ ናቸውና «እኔ ማኅበር ከተውኩ ቆየሁ፣ የባትሪ ማኅበር ግን ይፈቀድልኛል» እያሉ ያስቁናል። እትዬ አስካለ «ለማ፣ ዝም ብለህ ለካ» ይሏቸዋል። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ሕጉም አንድ ብቻ ነው፦ ባትሪው የሞተበት ቤት የዚያን ዓመት ተራውን ያጣል።

እኛ የገባነው ኅዳር ላይ ነው። አንዱ ቤተሰብ ስቴት ቀይሮ ሲሄድ ጋሽ ለማ ቦታውን ለኔ አስጨረሱልኝ። ያን ጊዜ ቤታችን ምን እንደነበር ግን እሳቸውም አያውቁም። ወይንሸት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በስድስተኛ ወሯ፣ ልጃችንን አጥታ ነበር። ሴት ናት ብለውን ነበር። ለማንም አልነገርንም። ለማን፣ ምን ተብሎ ይነገራል? ላልተወለደ ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይደረስም። ከሆስፒታል ስንመለስ ሳሎኑ ጥግ አዘጋጅተናት የነበረችውን ትንሽ አልጋ አንስቼ ወደ ሱቁ መለስኳት፤ ጥጉ ባዶውን ቀረ። ወይንሸት ሥራ ለቀቀች፣ ከቤት አትወጣም፣ ፀጉሯን አታበጥርም። ከኔ ጋር የምታወራው «በላህ?» «መጣህ?» ብቻ ነው። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ትርፍ ሰዓት እሠራ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከቤት መሸሼ ነበር።

የመጀመሪያው የግንቦት ሳምንት ተራ የእናንተ ነው ያሉኝ ቀን ግን፣ ማታ ገብቼ እንዲያው ለወግ ያህል ነገርኳት። ቀና አለች። «ውቅያኖሱ ጋ ይደርሳል?» አለችኝ።

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ስትፈልግ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው። ግንቦትን እንዴት እንደጠበቅኳት አትጠይቁኝ። ያቺን ሳምንት ካገኘን ሚስቴ ትመለሳለች፣ ካላገኘን ግን እንጃ፤ እንዲያ ነበር የማስበው።

ጥር ላይ ባትሪው እኛ ቤት ገባ። ጋሽ ለማ ራሳቸው ሳንቃቸውን በብብታቸው ይዘው መጡና ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ይኼ ጥግ ጥሩ ነው» አሉ፣ «ባዶ ነው፣ መስኮትም አለው፣ ጋዙ ይወጣል።» ሳንቃውን እዚያው አጋደሙ፣ ባትሪውን አስቀመጡ፣ ቻርጀሩን ሰኩ። ወይንሸት ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ታያለች። እኔም ሰውየው ፊት ምን ልበል? ሲወጡ አመስግኜ ሸኘኋቸው። የዛሬዎቹን ባትሪዎች የሚያውቅ ሰው አይገባው ይሆናል፤ የዚያን ጊዜው ባትሪ ሲሞላ ውስጡ ይፈላል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ወይንሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር።

«ይተነፍሳል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እዚያ ያስቀመጣችሁት። ስተኛም ስነሳም ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።»

ወዲያው ነቅዬ፣ ተሸክሜ በረንዳ አወጣሁት። ለጋሽ ለማ ኮል አድርጌ «ጋሽዬ፣ ይኼ ነገር እኛ ቤት አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን? ሲባል የምመልሰውን አላውቅም ነበራ።

ይባስ ብዬ ደግሞ ሌላ ሥራ ሠራሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከተጋጨ መኪና የነቀለውን ቴፕ ከነስፒከሩ ሰጥቶኝ ነበር። ከአገር ቤት የተላኩልን ካሴቶች ደግሞ ያለ ማጫወቻ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የመኪና ቴፕ እንደሆነ የሚሠራው በባትሪ ነው፣ ባትሪ ደግሞ በረንዳ ላይ አለኝ። ሽቦውን በበሩ ሥር አሳልፌ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኘሁ። በክራር የምትዘፍን አንዲት ሴት ነበረች፣ ያኔ ሐበሻ በሚነዳው ታክሲ ሁሉ የምትሰማ። ድምጿ ሳሎኑን ሞላው። ወይንሸት ተነሣች። ተነሥታ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሦስት ቀን የተከመረውን ሳህን አጠበች። በማግስቱ ስመለስ ፀጉሯን ተሠርታ አገኘኋት። እኔ ከዚያ ወዲያ ባትሪ ይሙላ አይሙላ የት አስቤው! ጠዋት ከፍቼላት እወጣለሁ፣ ማታ ስገባም ዘፋኟ እየዘፈነች ነው። ሊሞላ እንደሚገባው አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ግን መሰኪያ የለም፣ ወደ ውስጥ ካስገባሁት ደግሞ ያ መተንፈስ ይመጣል። በዕረፍት ቀኔ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስሞላዋለሁ አልኩ። የዕረፍት ቀኔ ሲመጣ ትርፍ ሰዓት ተገኘ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ዘፋኟ ድምጿ እየወፈረ፣ ዘፈኑም እየተጎተተ መጣ። ወይንሸት «ደከማት» አለችኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

በዚያው ሰሞን ሲያትል ያልለመደችው ብርድ ገባ። የየአፓርትመንቱ ቧንቧ ፈነዳ፣ መኪና አልነሣ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳውን ስከፍት ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጋሽ ለማ ያስረከቡኝ ዕለት አስጠንቅቀውኝ ነበር። «የሞላ ባትሪ እንኳን የዚህ አገር ብርድ የሌላም አይነካው። ባዶ ሲሆን ግን አሲዱ ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ ይረጋል።» ረጋ። ባትሪው በረዶ ሆነ። እኔም ግንቦትን አሰብኩና ባትሪውን በፎጣው ሸፈንኩት።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ለማ ሊወስዱኝ መጡ። ፎጣውን ገለጥ አድርገው አዩ፣ መልሰው ሸፈኑ። «ተሸክመህ ና» አሉኝ። ልወጣ ስል ወይንሸት ከመኝታ ቤት ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። «እኔም እመጣለሁ» አለች። ከሐኪም ቤት በቀር ከዚያ በር ከወጣች አራት ወሯ ነበር።

እትዬ አስካለ ቤት ሰዉ ተሰብስቧል፣ ምሳው ሸትቷል። ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፎጣውን ገለጥኩት። መምጠጫም መለኪያም አላስፈለገም።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። እኔ፣ ይኼ ትልቅ ሰውዬ፣ ዋሸሁ። «ሲመጣም ደካማ ነበር» አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ባትሪው የነበረው ደግሞ እሳቸው ቤት ነው።

«ምን አልክ? እኔ ቤት ነው የደከመው? ለማ፣ ንገረው እስቲ! ስታስረክበው ምን ይል ነበር?»

ጋሽ ለማ መሬት መሬቱን አዩ። «ሙሉ ነበር» አሉ።

«ታዲያ አንተ ማንን ልታስወቅስ ነው? ሚስትህ እንደሆነች ንቃን አንድ ቀን ደጃችንን አልረገጠችም፤ አንተ ደግሞ...»

«እኔ ነኝ» አለች ወይንሸት።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ብዙዎቹ ፊቷን ያዩት ገና ያን ቀን ነው። እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እንደከተተች «እኔ ነኝ አውጣልኝ ያልኩት» አለች። «ያስቀመጣችሁበት ጥግ የልጄ ነው። አልጋዋ እዚያ ነበር። መስከረም ላይ ሞተችብኝ፣ ሳትወለድ። ሲተነፍስ መስማት አልቻልኩም። እሱ ለኔ ብሎ ነው የዋሸው፣ የግንቦቷን ሳምንት እንዳላጣ ብሎ።»

ሰው ሞተብኝ ለሚል የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ግን ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ለማ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አሉ። እትዬ አስካለ ወደ ኩሽና ገቡና ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። «ምሳ ብሉ» አሉ። ስንሄድ በር ድረስ ሸኙንና እንዲህ አሉኝ፦ «ሕግ ሕግ ነው፣ ተራችሁ ቀርቷል። ባትሪውም ሁለተኛ እናንተ ቤት አይገባም።»

ተቀይሜያቸው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ይህች ሴትዮ ልቧ ድንጋይ ነው አልኩ። ባትሪው እናንተ ቤት አይገባም ማለታቸው ስድብ መስሎኝ ስንት ወር ሙሉ ስፈጨው ከረምኩ። ያ ጥግ ዳግመኛ ዕቃ እንዳይቀመጥበት ብለው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጋሽ ለማ ከአንድ ጋራዥ የተጣለ ባትሪ አምጥተው፣ ሲሞሉ ሲያጎድሉ፣ እንደ በሽተኛ አስታመው አዳኑት። ግንቦት መጣ፤ ሳምንቷን ሌላ ቤተሰብ ሄደባት። የወይንሸት ዝምታ ተመለሰ። ቴፑን በሌላ ባትሪ ላስነሳላት ብል «ተወው» አለችኝ። በቃ፣ አጣኋት ብዬ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ዓርብ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ በሰመር ወፍራም ኮት ለብሰው። በመስኮት ዝቅ ብዬ ሳይ የጋሽ ለማ ፒካፕ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፣ ከኋላው ትሬይለሯ ብርቱካንማ መጋረጃዋን ዘርግታ።

«ወይንሸት የለችም? ልብስ ያዢና ነይ» አሉ ከበሩ ሳይገቡ።

«እትዬ፣ የኛ ተራ እኮ ቀርቷል» አልኳቸው፣ ቂሜም ስለነበር ጎርነን አድርጌ።

«የእናንተ ቀርቷል። የኔ አልቀረም፣ ይኼ ሳምንት የኔ ነው። እንግዳ አይያዝ የሚል ሕግ አላወጣሁም። ለአምስት ሰው የተሠራ ቤት ውስጥ ብቻዬን ምን እሠራለሁ? አንተም እሷ ነይ ከተባለች መምጣትህ አይቀርም፣ ሥራህን አስፈቅድ።»

እኔ ግሬግ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል አልኩ።

የዚህ አገር ውቅያኖስ በሐምሌም ሰው አያስገባም። ጉም ነው፣ ንፋስ ነው፣ አሸዋው ግራጫ ነው። ወይንሸት ግን በማግስቱ ጠዋት ከወንበሯ ተነሥታ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፣ ጮኻ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ለማ እንጨት ሊለቅሙ ሲሄዱ የባትሪውን ውሃ እንዳይ አዘዙኝ። የትሬይለር ባትሪ የሚቀመጠው ከፊት ነው፣ ከመኪናው በምትያያዝበት ብረት ላይ፤ ልክ ከበላዩ የኩሽናዋ መስኮት አለ። ተንበርክኬ ክዳኖቹን እከፍታለሁ፣ ወይንሸትና እትዬ አስካለ ከላይ ድንች እየላጡ ነው። የሚያወሩት ስለ ሥራ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ጋሽ ለማ ማንኮራፋት ነበር። ከዚያ እትዬ አስካለ፣ ያው በዚያው በተራ ድምፃቸው፣ «ስም አውጥተሽላት ነበር?» አሏት።

የቢላዋው ድምፅ ቆመ። እኔ አንድ እጄ ክዳኑን እንደያዘ ደርቄ ቀረሁ።

«አዎ» አለች ወይንሸት።

«ማን አልሻት?»

«የምሥራች።»

«የምሥራች» አሉ እትዬ አስካለ፣ ቀስ ብለው፣ ሙሉውን። «ጥሩ ስም ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ወይንሸት አለቀሰች። ሐኪም ቤት ያላለቀሰችውን፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ወር ያላለቀሰችውን፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሳቸውም ዝም በይ አላሏትም።

ሰው ስለ እትዬ አስካለ ሲያነሣ ኃይለኝነታቸውን ነው የሚያነሣው። ከሞቱም ስንት ዓመታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና ዛሬም ሕጋቸውና ጩኸታቸው ይወራል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ውለታ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሕሊና ተወለደች፣ ቤት ሠራን፣ ስንት ነገር አለፈ፤ ወይንሸት ዛሬ ድረስ ፎቅ ላይ ሆና ስትጣራ ድምፅዋን እሰማለሁ። ይህንን ሁሉ ከዚያች ጥያቄ ወዲህ ነው የምቆጥረው። አሥር ወር አብሬያት ተኝቼ ስነሣ፣ ባሏ፣ የልጇ አባት፣ የልጄን ስም አልጠየቅኳትም ነበር። ስም እንዳላት እንኳ አላወቅኩም። የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ በወጉ ሳልላቸው ሞቱ።

ያን ቀን ምን አደረግኩ መሰላችሁ። የባትሪውን ክዳን አንድ በአንድ ገጠምኩ፣ እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ፣ ስሟን አንድ ጊዜ ለራሴ አልኩት፤ ከዚያ ገባሁ። ወይንሸት ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደሰማሁ ገባት። ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። «የምሥራች» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። እትዬ አስካለ ሁለታችንንም ትንሽ አዩንና አንድ ቢላዋ ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

«አወፍረህ አትላጥ» አሉኝ፣ «ድንቹ ያልቃል።»